በርሜል ውስጥ የገባው ምርቃት

ሰው ሁሉ የሚያፍርበት ቀን አለው። የእኔ የዋለው እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ሰርግ ድንኳን ውስጥ ነው። አንባቢዎቼ፣ ስቃችሁ ስትጨርሱ ፍረዱኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የስፒከር ሳጥን በገዛ እጄ ሠራሁ። ቺፕውድ አስቆረጥኩ፣ በኮላ አጣበቅኩ፣ ባለ 8 ኢንች ባስና ትዊተር ገጠምኩ። ጥቁር ቀለም ሲቀባማ የፋብሪካ ነው የሚመስለው። ውስጡስ? ባዶ! «ሳጥን ያው ሳጥን ነው» ብዬ ነበራ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የጓደኛዬ እህት ሰርግ ሆነ። ዘፈኑ እንደምንም አለፈ። ጉዱ የመጣው የሙሽራዋ አባት ለምርቃት ማይክ ሲጨብጡ ነው። አዛውንቱ አንጀት የሚበላ ምርቃት ያወርዳሉ፤ ከሳጥኔ የሚወጣው ግን «ቡ... ቧ... ቡ...» ብቻ! በርሜል ውስጥ ገብተው የሚናገሩ ነው የሚመስለው። «አሜን» ባዩ ለምኑ አሜን እንደሚል አያውቅም። ሒሳቤንም ግማሹን ብቻ ሰጡኝ። እሱስ ይሁን፤ ልጅቷ ዕድሜ ልኳን በምታየው ቪዲዮ ላይ የቀረው የአባቷ ድምፅ ያ በርሜል መሆኑ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

መፍትሔ ፍለጋ ተነሣሁ። «የእንቁላል ካርቶን ለጥፍበት» አሉኝ፤ ለጠፍኩ። ወይ ፍንክች! የቴሌቪዥን ማሸጊያ ስፖንጅ ጨመርኩ። እሱም ያው። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሳጥኔ ይጮህብኛል፤ ውስጡን ምን ላልብሰው?»

በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ልጄ፣ ይኼ ሁለት በሽታ ነው ያለበት። በአንድ መድኃኒት አይድንም» አሉኝ።

አንደኛው በሽታ የእንጨቱ ነው። ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ የሚጮህ ግድግዳ ራሱ ይዘፍናል። መድኃኒቱ ጥጥም ሱፍም አይደለም፤ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደግፍ የጣውላ ማገር ነው።

ሁለተኛው የአየሩ ነው። ስፒከር ወደፊት የሚለቀውን ያህል ወደ ኋላም ይለቃል። የኋላው ድምፅ ሳጥኑ ውስጥ ሲላጋ ይቆይና በስስ ወረቀቱ በኩል ተመልሶ ይወጣል። የሳጥኔ የውስጥ ቁመት 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በዚህ ቁመት መሐል 340 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ይገንናል። ይህ ደግሞ የሰው ንግግር የሚያርፍበት ቦታ ነው። ምርቃቱን የበላው እሱ ነው!

ታዲያ የትኛው ዕቃ ይሻላል? ጋሼ ያስተማሩኝ ፈተና ቀላል ነው፦ አፋችሁን ገጥማችሁ ንፉበት። ትንፋሽ ጨርሶ ካላሳለፈ (እንደ ማሸጊያው ስፖንጅ) አይረባም። ያለ ምንም ትግል ካሳለፈም አይረባም። እየታገለ የሚያሳልፍ ነው ደጉ፤ የድምፁን ጉልበት የሚጨርሰው ያ ትግል ነውና። ፋይበር ግላስ ፈተናውን ያልፋል፤ ግን ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ አትንኩት።

«ለመሆኑ» አሉኝ ጋሼ፣ «የጮቄ በግ አጠገብህ እያለ ስፖንጅ ትለምናለህ?»

እውነታቸውን ነው። ለባና የሚሆነው የበግ ጠጉር ለሳጥንም ይሆናል። እንግሊዛዊው ኤ. አር. ቤይሊ በ1965 እ.ኤ.አ. «ዋየርለስ ወርልድ» መጽሔት ላይ ባወጣው የስፒከር ሳጥን ንድፍ የመረጠው ረጅም የበግ ጠጉር ነበር። መጠኑም በአንድ ሊትር 8 ግራም ገደማ ነው። የእኔ ሳጥን 37 ሊትር ተኩል ስለሆነ 300 ግራም በቃው።

አሠራሩ እነሆ፦ ጠጉሩን በለብታ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ቅባቱና ሽታው ይልቀቅ። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ እንደ ባዘቶ ተነድፎ ይፍታታ። ግድግዳ ላይ ብቻ አትለጥፉት፤ ግድግዳው ጥግ አየሩ አይንቀሳቀስም፣ የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ከጠጉሩ ጋር አይታገልም። መሐሉን ሙሉት፣ ግን አትጠቅጥቁት። ከስፒከሩ ጀርባ ስስ ሻሽ ጋርዱ። ሳጥናችሁ የአየር ቀዳዳ ካለው ቀዳዳው ፊት አትሙሉ፤ ግድግዳውን ብቻ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አልብሱ። ጠጉር ብል ስለሚወድ የኋላው ክዳን በብሎን ይታሰር፤ በየዓመቱ ተፈቶ ይታይ።

ዓመት አልፎ የልጅቷ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ሳጥኖቼን ተሸክሜ በነፃ ሄድኩ። አባትየው ማይኩን ሲጨብጡ ላብ አጠመቀኝ። ግን ቃል በቃል ተሰማ! ድንኳኑ «አሜን» ሲል ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ልጅቷ አለቀሰች።

አዛውንቱ ሲጨርሱ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ያን በርሜል የት ጣልከው?»

መረቁኝ። ያስቀሩትን ግማሽ ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ አላነሱትም። ቸር ሰንብቱ!