ሞተሩ ለምን ይጠፋል? ኢንጀክሽን ሞተር ሳይክል ለያዛችሁ



በረመዷን ኢፍጣር ለማድረስ፣ በክረምት ዕረፍት ደግሞ ዕቃ እያመላለሱ የትምህርት ወጪያቸውን ለመሸፈን ሞተር ሳይክል የሚይዙ ወንድሞች በጀመዓችን ጥቂት አይደሉም። ከእነሱ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሞተሩ እየሄደ ድንገት ይጠፋብኛል፤ መካኒኩ ፓምፕ ይቀየር አለኝ፤ ልቀይር?» እኛም መልሰን የምንጠይቀው «መቼ ነው የሚጠፋው?» ብለን ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጎ ያያል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከከባድ መኪና ፊት የሚጠፋ ሞተር ለነፍስም ያሰጋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ ሲጠፋባችሁ ፍሪሲዮን ጨብጡ፣ በያዘው ፍጥነት ወደ መንገዱ ዳር ውጡ። ለማስነሳት መሞከር ከዚያ በኋላ ነው።

በአካባቢያችን የምናየው አብዛኛው ቦክሰር በካርቡሬተር የሚሠራ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ቢኤስ 6 የተባለውን የጭስ ደንብ ስታስገድድ ግን ለአገሯ ገበያ የሚሠሩት ሞተሮች አብዛኞቹ ወደ ኢንጀክሽን ዞሩ። በካርቡሬተር ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የሚገባው አየር ስቦት ይሄዳል። በኢንጀክሽን ግን ታንኩ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚኑን በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ 3 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ወደ ኢንጀክተሩ ያደርሰዋል። ምን ያህል እንደሚረጭ የምትወስነው ደግሞ መካኒኮች ኢሲዩ የሚሏት ትንሽ ኮምፒውተር ነች። የአየሩን ግፊት፣ ሙቀቱን፣ የጋዙን አከፋፈትና የሞተሩን ዙር ከሴንሰሮች እያነበበች ትወስናለች። ጥቅሙ ዳገት ላይ ይታያል፦ ከድሬዳዋ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ሐረር የሚወጣ ካርቡሬተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ኢንጀክሽኑ ግን ራሱን ያስተካክላል። ጉዳቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ለአፍታ ከተቋረጠበት ሁሉም ነገር አብሮ መቆሙ ነው።

ለዚህም ነው ፍተሻውን ከባትሪው የምንጀምረው። ከኤሌክትሪካል ዲፓርትመንት ወንድሞች መካከል መልቲሜትር የሌለው አይገኝም፤ ተዋሱት። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከሆነ ግማሽ ያህል ባዶ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ጋዝ ከፍ ስታደርጉ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ካልገባ ችግሩ ባትሪው ሳይሆን የሚሞላው ክፍል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞርሰቶዎቹን በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ኮረኮንች ላይ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ብዙውን ጊዜ የላላ ሞርሰቶ፣ የዛገ ማሳ ወይም በደንብ ያልተሰካ ሶኬት ነው ያለው። ይህን ለማጥበቅ አንድ ቁልፍ ይበቃል።

ቀጥሎ የሞተሩን ቁልፍ ስትከፍቱ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፓምፑ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ «ዝዝዝ» ብሎ ዝም ማለት አለበት። ድምፅ ከሌለ ፓምፑን ከመፍረድ በፊት ፊውዙን፣ ሪሌውንና እጀታው ላይ ያለውን ቀዩን ማጥፊያ እዩ። ሞተሩ በቅርቡ ወድቆ ከነበረ የመዘንበል ሴንሰሩ ዘግቶት ይሆናል፤ ቁልፉን ዘግታችሁ ደግማችሁ ክፈቱ። የሞተር ምልክት ያለባት ቢጫ መብራትም በርታ መጥፋት አለባት። ሳትጠፋ ከቀረች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች እየቆጠረችላችሁ ነው። በሆንዳዎች ላይ ረጅሙ ብልጭታ 10፣ አጭሩ 1 ተብሎ ይቆጠራል፤ 8 የጋዝ አከፋፈቱን ሴንሰር፣ 12 ኢንጀክተሩን ይጠቁማል። የሌሎች ፋብሪካዎች ቁጥር የተለየ ስለሆነ የራሳችሁን ማኑዋል ተመልከቱ። ቁጥሩ የሚናገረው ግን በዚያ መስመር ላይ ችግር አለ ብሎ እንጂ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ አይደለም። አዲስ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ዝገትና እርጥበት ፈልጉ።

አሁን ወደ «መቼ ነው የሚጠፋው» እንመለስ። አንድ ወንድማችን በአባላት መዋጮ የተገዛችውን ሞተር ሲነዳ ሩብ ሰዓት ያህል በደንብ ከሄደች በኋላ ተንተፋትፋ ትጠፋበት ነበር፤ ጥቂት ካረፈች ትነሳለች። የሄደበት ጋራዥ ሳይከፍት ሳይለካ ፓምፕ ይቀየር ብሎ ዋጋ ቆረጠለት። የመዋጮ ገንዘብ አማና ነውና ከመክፈላችን በፊት አንድ ሙከራ አደረግን፦ በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠፋ የታንኩን ክዳን ከፈትነው። «ፉሽ» ብሎ አየር ሳበ፤ ሞተሯም ወዲያው ተነሳች። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍና ነበር። ቤንዚኑ ሲቀንስ ቦታውን የሚይዝ አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ክፍተት ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። በቀጭን ሽቦና በአየር ተጠርጋ ችግሩ ቀረ።

ቤንዚን ከቀዳችሁ በኋላ የጀመረ ችግር ከሆነ ቤንዚኑን ጠርጥሩ። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የምንገዛው ቤንዚን ውሃ ቢኖርበት አይገርምም። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ፓምፑም የሚስበው ከታች ነው። ከታንኩ ጥቂት ቀድታችሁ ጥርት ባለ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፤ ከታች የተለየ ንብርብር ከታየ ውሃ ነው። መድኃኒቱ ታንኩን ባዶ አድርጎ ማጠብና ፊልትሮውን ማየት ነው። ይህን ስትሠሩ ሞተሩ የቀዘቀዘ፣ ቦታው ክፍት፣ እሳት የራቀ ይሁን። (ሲጋራውን እንኳ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።) ሁልጊዜ በጥቂት ቤንዚን መንዳትም ልማድ አይሁን፦ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው፤ ቶሎ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው።

ትራፊክ መብራት ላይ ጋዝ ስትለቁ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሚኒሞው ነው። የአየር መግቢያው አካልና ሚኒሞውን የምታስተካክለው ቫልቭ ጥላሸት ይይዛሉ፤ ለዚሁ በተሠራ ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳሉ። ፋብሪካው ቀለም ቀብቶ ያሸገውን ብሎን ግን አትንኩ፤ እሱን ያዞረ ሰው የጋዝ ሴንሰሩን መነሻ አበላሽቶ ሁለተኛ ችግር ይገዛል። አንደኛ ማርሽ ስታስገቡ የሚጠፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎን ማቆሚያው ስዊች ነው፤ በጭቃ ስለሚሸፈን እግሩ የወረደ ይመስለዋል። እጠቡት፣ ይነሳል።

ሲግል ብቻ የሚጠፋውና ሲቀዘቅዝ የሚነሳው ይከብዳል። የክራንክ ሴንሰሩ ሲሞት፣ ወይም የቫልቮላ ክፍተት ሲጠብ እንዲህ ያደርጋል። ይህን ለመካኒክ ተዉት። ካንዴላ ግን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ርካሽም ነው።

ሞተሩን ለመሸጥ ያሰባችሁም አላችሁ። ሲግል እንደሚጠፋ እያወቁ በጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ለገዢ ማሳየት ዐይብን መደበቅ ነው፤ በሸሪዓችን አይፈቀድም። ንገሩት፤ ዋጋው ይቀንስ እንጂ።

መካኒክ ጋ ስትሄዱ «ይጠፋል» ብቻ አትበሉ። ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ግሎ ወይስ ቀዝቅዞ፣ በስንተኛ ማርሽ፣ ቤንዚን ከየት ተቀድቶ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ፓምፕ ይቀየር ካለም ግፊቱን በመለኪያ ለክቶ ቁጥሩን ያሳያችሁ። ኢሲዩው ነው የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ፤ እሷ ከሁሉም መጨረሻ የምትጠረጠር ነች።