«ፋቂ»፣ ሰቆጣና የፓሪሱ ጓንት

ሰቆጣ ልጅ ሆኜ ሳድግ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ቆዳ ያለፉ ነበር። እናቴ እህል የምታኖርበትን ስልቻ፣ አባቴ የሚተኛበትን ቁርበት፣ ለመንገድ ስንቅ የምንይዝበትን አገልግል የሠሩልን እሳቸው ናቸው። ቤታችን ውስጥ የእጃቸው ሥራ የሌለበት ማዕዘን አልነበረም። ስማቸውን የሚጠራ ግን አልነበረም። «ፋቂው» ነበር የሚባሉት። እኔም እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያው እላቸው ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንደኛውን ልጃቸውን አዲስ አበባ ውስጥ አገኘሁት። ስለ አባቱ ሙያ ሳነሳበት ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሙያውን ከወንድሞቹም አንድ የተማረ የለም። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

ባለሙያን የሚገዙ ሀብታሞች

ሻኔል ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሽቶ ነው። የፓሪሱ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ግን ለአርባ ዓመታት ያህል ሌላም ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ሊዘጉ የተቃረቡ ወይም ወራሽ ያጡ ትንንሽ የእጅ ሙያ ቤቶችን ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ1985 አዝራርና ጌጣጌጥ ሠሪውን ዴሩን፣ በ1996 የላባና የጨርቅ አበባ ሠሪውን ለማሪዬን፣ በ2002 ጥልፍ ጠላፊውን ለሳዥንና ጫማ ሰፊውን ማሳሮን ገዛ። እነዚህን ቤቶች የሚያስተዳድርለትን ፓራፌክሲዮን የተባለ ድርጅት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በፓሪስ ሰሜናዊ ጫፍ «19ኤም» የሚባል ትልቅ ሕንፃ አሠርቶ 600 ያህል ባለሙያዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። በሕንፃው ውስጥ ማንም ሰው ገብቶ የሙያውን ሥራ የሚያይበት የኤግዚቢሽን አዳራሽ አለ።

አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው አንድ ነገር አለ። እነዚህ የሙያ ቤቶች ከተገዙም በኋላ ለሻኔል ተፎካካሪዎች ጭምር እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል። ኩባንያው ይህን የሚያደርገው ለጽድቅ አይደለም። ጥልፍ ጠላፊዋ ሙያውን ለማንም ሳታስተምር ጡረታ ከወጣች፣ በሺህ ዩሮ የሚሸጠው ቀሚስ የሚሠራው እንደማይኖር ስለሚያውቅ ነው። ሌላው የፈረንሳይ ኩባንያ ኤርሜስም ቆዳ የሚያለፉ ፋብሪካዎችን ወደ መግዛት የገባው በዚሁ ስሌት ነው።

ሻኔል እ.ኤ.አ. በ2012 ከገዛቸው አንዱ ኮስ ይባላል። በደቡብ ፈረንሳይ ሚዮ በምትባል ከተማ ከ1892 ጀምሮ ጓንት የሚሠራ ቤት ነው። ሚዮ የጓንት ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። በአካባቢው ሮክፎር የሚባለው ዝነኛ አይብ የሚሠራው ከበግ ወተት ነው። ወተቱ ለአይብ እንዲውል ግልገሎቹ በጊዜ ይታረዳሉ። ያ ሁሉ ለስላሳ የግልገል ቆዳ ከሚጣል ብለው ጓንት ሰፉበት፤ ከተራፊው ቆዳ የከተማ ስም ወጣ። ጓንት ቆራጩ ቆዳውን አርጥቦ በእጁ እየሳበ፣ እንደ ጣት ልክ እየለካ ነው የሚቆርጠው። ይህን ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል። የሚያፍርበት ግን የለም።

የእኛ በግ በሌላው እጅ

የጓንት ቆዳ ስስ፣ ልስልስ፣ ሲሳብ የሚለጠጥ፣ ግን የማይቀደድ መሆን አለበት። ሱፋም በግ ቆዳው ላላ ይላል። ፀጉራም በግ ግን ቆዳው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ስስ ሆኖ ሳለ ይጠነክራል። የኢትዮጵያ ደጋ ፀጉራም በግ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የሚታወቀው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 የተመሠረተው የእንግሊዙ ፒታርድስ ከመቶ ዓመት በላይ ከኢትዮጵያ ቆዳ ሲገዛ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ኤጀርሳ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካ ገዝቶ ነበር። በ2023 ግን የእንግሊዙ ኩባንያ በገንዘብ ችግር ሥራውን አቆመ።

ፍየሉም ስም አለው። በቆዳ ንግድ ውስጥ «ባቲ» ማለት ጥራት ያለው የፍየል ቆዳ ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው ከወሎዋ የባቲ ገበያ ነው። ከባቲ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለነው የዋግ ሰዎች «የሰቆጣ በግ» እና «የአበርገሌ ፍየል» የሚባሉ ዝርያዎች አሉን፤ ስማቸውን የሚያውቁት ግን ተመራማሪዎች ናቸው እንጂ የቆዳ ገዢዎች አይደሉም። ሰቆጣ በገበያ የምትታወቀው በነጭ ማሯ ነው።

አንዱ ፋቂ የተከበረ፣ አንዱ የተናቀ

ለእጅ ሙያ ደጋፊ መሆን ከፓሪስ የመጣ ነገር አይደለም። ራሱን ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር የሚቆጥረው የዋግ ሹሞች ቤት ለአብያተ ክርስቲያናት ጉልት ይሰጥ፣ መጻሕፍት ያስጽፍ ነበር። ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግ ሹም ጎበዜ ከዚሁ ቤት ናቸው። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የጠራቢውን እጅ የሚያከብርና የሚመግብ ሰው ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሚገርመኝ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በብራና ነው፤ ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል። ይህን የሚሠራው ሰው «ብራና ፋቂ» ይባላል፤ ደብተራ ወይም መነኩሴ ሆኖ ይከበራል። ያንኑ የፍየል ቆዳ ለስልቻ የሚፍቀው ግን «ፋቂ» ተብሎ ይሰደባል። ቆዳው አንድ፣ ቃሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የእኛ ዓይን ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን ዛሬም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ቆዳው የሚበላሸው የት ነው?

ጉዳቱ የሚጀምረው ፋብሪካ ሳይደርስ ነው። ቅማልና የበግ መዥገር መሰል ተባዮች የሚያስከትሉት እከክ ከለፋ በኋላ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሲገፈፍ ቢላዋ ይበሳዋል። በታረደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨው ካላገኘ መበስበስ ይጀምራል። ሰቆጣ ጥንት ከአፋር የሚመጣው የአሞሌ ጨው ቅፍለት መናኸሪያ ነበረች። ጨው ባለፈባት ከተማ ቆዳ በጨው እጦት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ የጣለው እሴት ተጨምሮበት እንዲወጣ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፋብሪካዎች በኬሚካልና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲቸገሩ፣ የዓለም የቆዳ ዋጋም ሲወርድ፣ ገበሬው የሚያገኘው ሳንቲም ከድካሙ አነሰ። ባለፉት ዓመታት በበዓል ማግስት ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ዋግ ኽምራ ላይ ደግሞ ድርቁና በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የደረሰው ጦርነት ተጨምሮበታል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከሩቅ መጀመር አያስፈልግም። ፋሽን ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም»ን ስታቋቁም የተነሳችው ሥራ ካጡ የአዲስ አበባ ሸማኔዎች ነው። ሸማውን አልቀየረችውም፤ ገዢ አገኘችለት፣ ስምም ሰጠችው። ለሰቆጣ ቆዳም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በየቀበሌው የተማረ ገፋፊና ጨው፣ ለእከክ በወቅቱ የሚረጭ መድኃኒት፣ ከዚያም «የሰቆጣ» የሚል ማኅተም። ባቲ በገበያዋ ስም አወጣች፤ ሰቆጣ የማታወጣበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ከኪስ ምንም የማያስወጣ ሥራ አለ። ሻኔል ሊዘጋ የነበረን የጥልፍ ቤት ሲገዛ ለጠላፊዋ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ማዕረግም ሰጥቷል። እኛ ፋብሪካ ብንተክል፣ ቀረጥ ብናወጣ፣ ሙያው የሚያሳፍር እስከሆነ ድረስ የሚማረው ልጅ አናገኝም። ልጅ ካልተማረው ደግሞ በጉ የእኛ፣ ጓንቱ የሌላው ሆኖ ይቀራል።

እኒያ ጎረቤታችን ካረፉ ቆይተዋል። የሠሩት ስልቻ ግን እናቴ ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ አንድ ስፌቱ አልተፈታም። ባለፈው ሰቆጣ ሄጄ እናቴን የእኚያን ሰው ስም ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «ፋቂው አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።