ሜልቴሚ፦ የግሪክ ደሴቶችን በጋ የሚገዛው ነፋስ

በሮድስ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ፕራሶኒሲ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ሰፊ የአሸዋ መሸጋገሪያ ሮድስን ከአንዲት ትንሽ ድንጋያማ ደሴት ጋር ያገናኛል። ከአሸዋው በስተምዕራብ ያለው ባሕር ማዕበሉ እየተንከባለለ ዳርቻውን ይመታል። በስተምሥራቅ ያለው ውኃ ግን ልክ እንደ ሐይቅ ጸጥ ብሎ ይታያል። በሁለቱም ላይ የሚነፍሰው ነፋስ አንድ ነው።

ግሪኮች ይህን ነፋስ ሜልቴሚ ይሉታል። በየዓመቱ የውኃ ላይ ስፖርት ወዳጆችን ወደ ኤጂያን ባሕር የሚስበው፣ ፀሐይ የምትጠልቅበትን አድማስ ከጭጋግ የሚያጸዳው እርሱ ነው። ዋናተኛን ከዳርቻ የሚያርቀው፣ መርከብን ከወደብ የሚያስቀረውና ሰደድ እሳትን የሚያባብሰውም ያው ሜልቴሚ ነው። ወደ ደሴቶቹ ለዕረፍት የሚጓዝ ሰው የነፋሱን ጠባይ አስቀድሞ ቢያውቅ ደስታውም ደኅንነቱም ይጠበቅለታል።

ነፋሱ ከየት ይነሣል?

በበጋው ወራት የቱርክ አናቶሊያ ምድር በፀሐይ ይግላል። በዚያ ያለው አየር ሞቆ ሲነሣ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ይፈጠራል። በአንጻሩ በባልካን አገሮች በኩል ከፍተኛ ግፊት ይሰፍናል። አየር ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ግፊት ስለሚፈስ፣ በምድር መዞር ምክንያትም አቅጣጫው ስለሚታጠፍ፣ በኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ነፋስ ይነሣል። ሮድስ አካባቢ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ስለሚታጠፍ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ወይም ከምዕራብ ይነፍሳል።

ሜልቴሚ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይጠነክራል፤ በዳርቻዎች አካባቢ ደግሞ ወደ ማታ ይረግባል። ይሁን እንጂ ለቀናት ያለማቋረጥ ሊነፍስ ይችላል። የነፋስ ኃይል በሚለካበት የቦፎርት መለኪያ ከ5 እስከ 7 መድረሱ የተለመደ ነው፤ 6 ማለት በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ነው። ሰማዩ ግን ያን ጊዜም ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ዝናብም ደመናም ስለሌለ እንግዳ ሰው አደጋን አይጠረጥርም።

የናይል ሙላትና የጥንት ክርክር

የጥንት ግሪኮች ይህን ነፋስ ኤቴዚያን ይሉት ነበር፤ ትርጉሙ «ዓመታዊ» ማለት ነው። ነፋሱ በሚበረታባቸው ወራት የግብጹ ናይል ይሞላ ስለነበር፣ ሁለቱን የሚያያይዙ ሊቃውንት ተነሡ። አንዳንዶቹ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ወንዙን በአፉ ላይ ገፍቶ ወደ ባሕር እንዳይፈስ ስለሚያግደው ይሞላል አሉ። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ግን ይህን አልተቀበለም። ነፋሱ ባልነፈሰበት ጊዜም ናይል ይሞላል፤ ከነፋሱ ትይዩ የሚፈስሱ ሌሎች ወንዞችም እንደ ናይል አይሆኑም ሲል ተከራከረ።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው አጋታርኪደስ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። የሙላቱ ምክንያት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ ነው አለ። በዚያ ዘመን ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ወደ ግብጽ ከሚደርሰው የናይል ውኃ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚነሣ ነው።

ነፋሱ ወንዙን ባይገታውም፣ ጥንታውያኑ የወቅቱን መገጣጠም ማስተዋላቸው ከንቱ አልነበረም። አናቶሊያ ላይ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ከሕንድ ጀምሮ በፋርስ በኩል የሚዘረጋው የእስያ የሞንሱን ሥርዓት ምዕራባዊ ጫፍ ነው። የኢትዮጵያ ክረምትም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ በጎጃም ዝናቡ በሚያይልባቸው ወራት በኤጂያን ደረቁ ነፋስ ይበረታል።

ጸጥ ያለው ውኃ ለምን ያታልላል?

ፕራሶኒሲ የሚታወቀው በዊንድሰርፊንግና በካይትሰርፊንግ ነው። የመጀመሪያው ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ መንሸራተት ነው። በሁለተኛው ደግሞ ሰሌዳውን የሚጎትተው በረጅም ገመድ ወደ ሰማይ የተለቀቀ ግዙፍ ካይት ነው። ልምድ ያላቸው ማዕበሉን ፍለጋ ወደ ምዕራቡ ወገን ይወጣሉ፤ ጀማሪዎች ውኃው ዝርግ በሆነበት በምሥራቁ በኩል ይማራሉ።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን በዚህ ጸጥ ባለው ወገን ነው። በማዕበላማው ዳርቻ ነፋሱ ከባሕር ወደ ምድር ስለሚገፋ የወደቀ ሰው ወደ አሸዋው ይመለሳል፤ ማዕበሉም ራሱ አደገኛነቱን ይናገራል። በሌላው በኩል ነፋሱ የአሸዋውን መሸጋገሪያ ተሻግሮ ከምድር ወደ ባሕር ይነፍሳል። በዳርቻው አቅራቢያ ማዕበል ለማንሣት የሚበቃ ርቀት ስለሌለው ውኃው የተኛ ይመስላል። በአየር በተነፋ ፍራሽ ላይ የተጋደመ ሰው፣ ወይም የመዋኛ ጎማ የያዘ ሕፃን፣ ሳያስተውለው ወደ ጥልቁ ይንሸራተታል። በራቀ ቁጥርም ነፋሱና ማዕበሉ ይበረቱበታል።

ይህ በየትኛውም የባሕር ዳርቻ የሚሠራ እውነት ነው። ጀርባዎን ለምድር፣ ፊትዎን ለባሕር ሰጥተው ሲቆሙ ነፋሱ ከኋላዎ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚነፉ መጫወቻዎችን ወደ ውኃ አያስገቡ። ፍራሽ ወይም ኳስ ነፋስ ቢወስደው ተከትሎ መዋኘት አይገባም። ጀማሪ ተንሸራታችም የነፍስ አድን ጀልባ ካለው ትምህርት ቤት ይማር፤ መመለስ ካቃተው ሰሌዳውን ጥሎ ለመዋኘት አይሞክር። ሰሌዳው ያንሳፍፈዋል፤ ለፈላጊዎችም በቀላሉ እንዲታይ ይረዳዋል።

ሌላው ማታለያ ቅዝቃዜው ነው። ነፋሱ ገላን ስለሚያቀዘቅዝ የፀሐዩ ቃጠሎ አይሰማም፤ ብዙዎች ጉዳቱን የሚያውቁት ማታ ነው።

መርከብና እሳት

ነፋሱ ሲያይል የግሪክ የወደብ ባለሥልጣናት መርከቦች እንዳይንቀሳቀሱ ያግዳሉ። ትናንሾቹና ፈጣኖቹ ጀልባዎች ቀድመው ይቆማሉ። ከደሴት ወደ ደሴት በመርከብ የሚጓዝ ሰው ከአውሮፕላን ጉዞው በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ትርፍ ቢይዝ ይመከራል።

ደረቅ ነፋስ ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ደግሞ እሳትን ያሰራጫል። በሐምሌ 2023 (እ.አ.አ) በሮድስ የተነሣው ሰደድ እሳት በነፋስ ታግዞ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ ሲወርድ፣ 19 ሺህ ገደማ ነዋሪዎችና ጎብኚዎች ከአካባቢው እንዲወጡ ተደርጓል። አንዳንዶቹም ከባሕር ዳርቻ በጀልባ ተወስደዋል። በእንዲህ ያለ ወቅት በስልክ የሚላከውን የማስጠንቀቂያ መልእክት ችላ ማለት አይገባም። በግሪክ የአደጋ ጊዜ ስልክ 112፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደግሞ 108 ነው።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ

በበጋ የግሪክ ሰዓት ከአዲስ አበባ ሰዓት ጋር እኩል ነው። ፀሐይ ግን በሰኔ መጨረሻ ሮድስ ላይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ከሰሜን የመጣው ደረቅ አየር ጭጋጉን ስለሚጠርገው አድማሱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ፀሐይዋም ባሕሩን እስክትነካ ድረስ ክብ ቅርጿ አይደበዝዝም።

በዚያ ሰዓት ሸራዎች ይታጠፋሉ፤ ካይቶችም ከሰማይ ይወርዳሉ። የአሸዋው መሸጋገሪያ ራሱ ዘላቂ አይደለም። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ባሕሩ ከፍ ሲል ይሸፍነዋል፤ ትንሿም ደሴት ከሮድስ ትለያለች። በቀጣዩ በጋ አሸዋው ቅርጹን ለውጦ ብቅ ሲል፣ ሜልቴሚም በየዓመቱ እንደሚያደርገው ከሰሜን ተነሥቶ ይመጣል።