ለሕንጻ የሚሆን የማቀዝቀዣ ማማ ሲመረጥ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

ሆስፒታሎች፣ ሆቴሎችና ትላልቅ የቢሮ ሕንጻዎች የሚጠቀሙበት ማዕከላዊ የአየር ማቀዝቀዣ ከክፍሎች የሚሰበስበውን ሙቀት ወደ ውጭ ማስወጣት አለበት። ሙቀቱ በውሃ በሚወገድባቸው ሥርዓቶች ይህን ተግባር የሚያከናውነው በተለምዶ ኩሊንግ ታወር የሚባለው የማቀዝቀዣ ማማ ነው። በማማው ውስጥ ሞቃቱ ውሃ ተበትኖ ሲወርድ በማራገቢያ የሚሳብ አየር ያገኘዋል፤ ከፊሉ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ቀሪው ቀዝቅዞ ይመለሳል።

የማማው መጠን የሚወሰነው በሚወገደው የሙቀት መጠን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው የአየር ጠባይም ጭምር ነው። ውሃው በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር ከሚያነበው ሙቀት በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ በተግባርም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ይላል። ስለሆነም አየሩ ሞቃትና እርጥብ በሆነበት ሥፍራ ተለቅ ያለ ማማ ያስፈልጋል።

ከፍታም ትኩረት ይሻል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። በመሆኑም ለባሕር ወለል የተዘጋጀ የአምራች መግለጫን እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ ለቦታው ከፍታ የተስተካከለ ስሌት በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ውሃ ነው። 1,000 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚያስወግድ ማማ በሰዓት እስከ 1.5 ሜትር ኩብ ውሃ ያተናል። ማዕድን እንዳይጠራቀም የሚፈሰሰው ሲታከል ፍጆታው ይጨምራል። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ከተሞች በቂ ማጠራቀሚያ ማዘጋጀት፣ ወይም ኤሌክትሪክ ቢጨምርም ውሃ የማይፈልገውን በአየር የሚቀዘቅዝ ሥርዓት ማነጻጸር ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ለብ ባለና ባልታከመ ውሃ የሚራባው ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ከማማው በሚወጣ ረቂቅ ጠብታ አማካይነት ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ዮርክ ከተማ በደቡብ ብሮንክስ ከአንድ ሕንጻ ማማ የተነሳ ወረርሽኝ ከ130 በላይ ሰዎችን አሳምሞ የ16 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ስለዚህ ማማው ጠብታ የሚያስቀር ክፍል ያለው፣ ለጽዳት የሚመች፣ ከመስኮቶችና ከአየር ማስገቢያዎች የራቀ መሆን አለበት።

የሕንጻ ባለቤቶችና አማካሪዎች ዋጋ ከማወዳደራቸው በፊት የውሃ ማከሚያውን፣ መደበኛ የጽዳት መርሐ ግብሩንና ኃላፊነቱን የሚወስደውን ባለሙያ በዲዛይኑ ሰነድ ውስጥ ሊያካትቱ ይገባል።