«ያላዩት አገር አይናፍቅም»
የአሶሳ ዩኒቨርሲቲና የፎቶግራፍ ማስታወቂያ

ነጋዴ ዕቃውን በመስኮት ደርድሮ ለአላፊ አግዳሚው የሚያሳየው፣ ያልታየ ሸቀጥ ፈላጊ እንደማያገኝ ስለሚያውቅ ነው። የከተማም ነገር ከዚህ አይለይም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የአሶሳ ከተማ መስኮቱ ጠብቦበት ቆይቷል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ወርቅ፣ ሰሊጥ፣ ማንጎና የቆላ ቀርከሃ በገበያ ሲታወቁ፣ የርእሰ ከተማው መልክ ግን በብዙ ሰው ዘንድ አይታወቅም። ይባስ ብሎ በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ዞን የደረሰው ግጭት የክልሉን ስም ከሥጋት ጋር አያይዞታል። በአንድ ዞን የደረሰ ጉዳት በሩቅ ሲሰማ የመላው ክልል ሆኖ ይቈጠራልና።

የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ግን ከየክፍለ አገሩ ወጣቶች በምደባ ወደ ከተማይቱ ይመጣሉ። ተማሪው ደብተርና ሳሙና ይገዛል፤ ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ ጽሑፉን ያስባዛል። በምረቃ ሰሞን ወላጆች ሲመጡ አልጋ ይከራያሉ፤ ሲመለሱም ማንጎ ይጭናሉ። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ያለ ሥጋት እንዲልክና ራሱም እንዲመጣ ማድረግ፣ የዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን የባለሱቁም ጉዳይ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ኮሌጆች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በቦታ የተወሰነ የፎቶግራፍ ፊልተር ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ስናፕቻት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ጀመረ። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ የግቢው ወሰን በካርታ ላይ ይከለላል። ስልኩ በጂ.ፒ.ኤስ. አማካይነት በዚያ ክልል ውስጥ መሆኑ ሲታወቅ፣ ባለቤቱ ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ የኮሌጁን ስምና ሥዕል ሊደርብ ይችላል። ነገሩ የፖስታ ቤት ማኅተምን ይመስላል፤ ማኅተሙ የሚመታው በቦታው ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ግን አገር ያዳርሳል።

ኩባንያው በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ማንኛውም ሰው እየከፈለ የራሱን ፊልተር እንዲያስቀምጥ ፈቀደ። በዚያን ጊዜ መነሻው ዋጋ 5 ዶላር ነበር። ስፋቱ ከ1,860 ካሬ ሜትር ገደማ እስከ 46 ሄክታር፣ ጊዜውም ከ1 ሰዓት እስከ 30 ቀን ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋና ደንብ ስለሚለዋወጡ፣ ማንም ከመክፈሉ በፊት አጣርቶ መጠየቅ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ የሰው አገር ዘዴ ሁሉ እንዳለ አይወሰድም። በአገራችን ወጣቶች ከስናፕቻት ይልቅ ቴሌግራምንና ቲክቶክን ያዘወትራሉ። ለውጭ ኩባንያ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የምንዛሪን ነገር አስመጪዎቻችን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ አስቀድሞ ተማሪውን «ፎቶግራፍህን በየትኛው ትልካለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከዚህ የሚቀል መንገድም አለ። በግቢው በር አጠገብ በአካባቢው ባለሙያ እጅ የተሠራ ትልቅ የቀርከሃ ክፈፍ ማቆምና የከተማይቱን ስም መጻፍ ነው። በሥዕሉም ማንጎን፣ ወይም የበርታ ብሔረሰብ ከቅል የሚሠራውን የትንፋሽ መሣሪያ ማስገባት ይቻላል። ይህ ክፈፍ በየትኛውም ስልክ ይሠራል፤ ዶላር አይጠይቅም፤ ለቀርከሃ ሠራተኛውም ገበያ ይሆናል።

በሁለቱም መንገድ ሁለት ነገር ሊጠበቅ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ስፍራውን የሚያሳውቅ ፎቶግራፍ ሰውየው የት እንዳለ ለማያውቁትም ስለሚነግር፣ ተማሪ በፈቃዱ እንጂ በግዴታ እንዳይነሣ ነው። ሁለተኛው እውነተኛነት ነው። መንገዱ ሳይጠገን፣ የአልጋው ዋጋ በምረቃ ሰሞን ያለ ልክ እየናረ፣ ሥዕሉ ብቻ ቢያምር እንግዳው ዳግመኛ አይመለስም፤ ያየውንም ለሌላው ይነግራል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የአሶሳን ስም በየቀኑ የሚጽፉት ተማሪዎቿና ባለሱቆቿ ናቸውና፣ ነጋዴዎች ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተመካክረው በመጪው የምረቃ ወራት ቢጀምሩት የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ፣ ጥቅሙም የጋራ ነው።