የሃድሮሳውር የአጥንት ንጣፎች

የሃድሮሳውር የአጥንት ንጣፍ የሚባለው የብዙ ሃድሮሳውሮች (ዳክዬ-አፍ ዳይኖሰሮች) አጥንት በአንድ የደለል ድንጋይ ንብርብር ውስጥ ተከማችቶ የሚገኝበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ የታወቁ ንጣፎች በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል፣ ማለትም በዋዮሚንግ፣ በሞንታና፣ በአላስካና በካናዳዋ አልበርታ ይገኛሉ። የተቀበሩት በክሬታሽየስ ዘመን ማብቂያ፣ ከ80 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ነው።

ሃድሮሳውሮች ዕፅዋት በል ነበሩ። ስማቸው የአፋቸው ጫፍ ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ የመጣ ነው፤ ይሁንና ከዳክዬ ጋር ያላቸው መመሳሰል ከዚያ አያልፍም። ከመንቁራቸው በስተኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥርሶች ተደራርበው ይበቅሉ ነበር፤ ጠንካራ ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚፈጩት በእነዚህ ነው።

ሞትና ቀብር

ብዙ አጥንት አንድ ላይ ሲገኝ ቶሎ የሚታሰበው መንጋው በአንድ ቀን ጎርፍ ወስዶት እዚያው ተቀበረ የሚል ነው። ነገር ግን ሞትና ቀብር ሁለት የተለያዩ ክስተቶች ናቸው። በመካከላቸው ያለፈውን ጊዜና በአጥንቱ ላይ የደረሰውን ነገር የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ታፎኖሚ ይባላል።

ሜዳ ላይ የቀረ ሬሳ ሥጋው ይበሰብሳል፣ ጅማቱ ይላላል፣ አጥንቱም ይበታተናል። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈረካከሳል። ከዚህ የሚያድነው በደለል መሸፈን ነው። በክሬታሽየስ ዘመን የሰሜን አሜሪካን መካከለኛ ክፍል ጥልቀት የሌለው ባሕር ሸፍኖት ነበር፤ በምዕራብ በኩል ከነበሩት ተራሮች የሚወርዱ ወንዞችም አሸዋና ጭቃ እያመጡ በባሕሩና በተራሮቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ያራግፉ ነበር። ሃድሮሳውሮች የኖሩት በዚሁ ሜዳ ላይ ስለሆነ መኖሪያቸውና መቃብራቸው አንድ ሆነ።

የሐንሰን ራንች ንጣፍ

በምሥራቅ ዋዮሚንግ በላንስ ፎርሜሽን ውስጥ የሚገኘው የሐንሰን ራንች ንጣፍ በዝርዝር ከተጠኑት አንዱ ነው። ከ20 ዓመት በላይ በፈጀ ቁፋሮ ከ13,000 በላይ አጥንቶችና ቁርጥራጮች የወጡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ኤድሞንቶሳውረስ አኔክቴንስ የተባለው ዝርያ ናቸው። የእያንዳንዱ አጥንት ቦታ በጂፒኤስ ተለክቶ በኮምፒውተር ላይ በሦስት ልኬት ተመዝግቧል። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢመስልም ጥቅሙ ከፍተኛ ነው፤ አጥንቱ ከመሬት ከወጣ በኋላ የነበረበትን ቦታ መልሶ ማግኘት አይቻልምና።

አጥንቶቹን የያዘው ንብርብር ከ1 እስከ 2 ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከደቃቅ ጭቃ የተሠራ ድንጋይ ነው። ትልልቆቹ አጥንቶች ከታች፣ ትንንሾቹ ከላይ ተደርድረዋል። ጠጠር፣ አሸዋና አፈር በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ያስቀመጠ ሰው ተመሳሳይ አደራደር ያያል፤ ከባዱ ቀድሞ ይሰፍራል፣ ቀላሉ ይከተላል። ስለዚህ አጥንቶቹ ዓመት በዓመት ጥቂት በጥቂት የተከማቹ ሳይሆኑ ከጭቃው ጋር በአንድ ጊዜ ተንሸራትተው የመጡ ናቸው።

በሌላ በኩል አጥንቶቹ ከነመገጣጠሚያቸው አልተገኙም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ተለያይተዋል። እንስሳቱ በሕይወት ሳሉ ወይም እንደሞቱ ወዲያው ተቀብረው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዳንዱ አፅም ሙሉ ሆኖ በቀረ ነበር። እንደ ወንዝ ጠጠርም አልተሞረዱም፤ በፀሐይ የተሰነጠቁትም በጣም ጥቂት ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ሲገጣጠሙ ቅደም ተከተሉ ይወጣል፦ እንስሳቱ ሞቱ፣ ሬሳቸው በስብሶ ተለያየ፣ አጥንቱ በፀሐይ ከመበላሸቱ በፊትም የጭቃ ናዳ ጠራርጎ ቀበረው።

የጎደለውም ነገር ይናገራል። የጎድን፣ የትከሻና የእግር አጥንቶች በብዛት ሲገኙ የአከርካሪ አጥንቶች ግን ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከናዳው በፊት የነበረ የውሃ ፍሰት ጅማት ገና ያያያዛቸውን የአካል ክፍሎች ወስዷቸዋል፤ ተለያይተው መሬት ላይ የቀሩትን ደግሞ ናዳው አገኛቸው።

ሌሎች ንጣፎች

ሁሉም ንጣፍ እንዲህ አልተፈጠረም። በሞንታና በቱ ሜዲሲን ፎርሜሽን የተገኘው የማያሳውራ ንጣፍ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዝርያውን ከሮበርት ማኬላ ጋር የሰየመው ጃክ ሆርነር በቦታው እስከ 10,000 የሚደርሱ እንስሳት እንደተቀበሩ ገምቷል። ይህ ቁጥር በብዙ መጻሕፍት ቢደጋገምም አንድ በአንድ የተቆጠረ አይደለም፤ ከተቆፈረው ክፍል ተነስቶ የተሰላ ነው።

በሰሜን አላስካ በኮልቪል ወንዝ ዳር የሚገኘው የሊስኮምብ ንጣፍ ደግሞ በአብዛኛው የወጣት ሃድሮሳውሮች ነው። አጥንቶቹን እ.ኤ.አ. በ1961 ያገኘው ሮበርት ሊስኮምብ ለሼል ኩባንያ የሚሠራ ጂኦሎጂስት ነበር። እርሱም በማግስቱ ዓመት ስለሞተ አጥንቶቹ በመጋዘን ተቀምጠው ቀሩ፤ የዳይኖሰር መሆናቸው የታወቀው በ1980ዎቹ ነው።