«የኔ እናት፣ ፍሪጅ ደርስዎታል»

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ስትደውልልኝ ድምጿ በደስታ ሞልቷል። «ፍሪጅ ደረሰኝ እኮ!» አለችኝ። የደወለላት ልጅ በሙሉ ስሟ ጠርቷታል፤ ከሁለት ወር በፊት ምጣድ የገዛችበትን ሱቅ ሳይቀር ነግሯታል። የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፦ «የኔ እናት፣ አሁን በስልክዎ የገባውን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይንገሩኝ።» መነጽሬን ልፈልግ ብላ ዘግታበት ነው ለእኔ የደወለችው። መነጽሯ አጠገቧ ቢሆን ኖሮ የወር ጡረታዋ ከሞባይሏ ወጥቶ ሄዶ ነበር።

ልጁ አስማተኛ አይደለም። ምጣዱን የገዛን ቀን ካሸሯ «ለዕጣ ነው» ብላ ደብተር ዘረጋችልን፤ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር። «ሙይው፣ ምን ችግር አለው» ያልኩት እኔ ነኝ። ያውም ኢኮኖሚክስ የተማርኩት!

ክፍል ውስጥ ስለ ጆርጅ አከርሎፍ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጻፈ፣ በ2001 ኖቤል ተሸለመ። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ገበያውም በዚህ ይበላሻል። የዛሬው ይብሳል፤ ሻጩ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ገዢውም አወቀ። እኛ ስለ እሱ የምናውቀው ደረሰኙ ላይ ያለውን ነው፤ እሱንም ከቆረጠልን።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ ግዛ ተብሎ ያለመገደድ መብት አለው። (መርካቶ «ነካክተሽ ልትሄጂ ነው?» ሲሏችሁ ይህቺን አስታውሱ።) የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃችን ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ያዛል፤ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለዕጣ ተብሎ የተወሰደ ቁጥር ሳንፈቅድ ለሪል ስቴት ደላላ አይቀበልም ማለት ነው። በቀን ስንቴ እንደሚደውሉልን ግን እናንተም ታውቃላችሁ።

ሰኞ ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቱ «ከእኛ አልወጣም» አለኝ። ደብተሩ እዚያው ካውንተር ላይ ተዘርግቷል፣ እስክሪብቶው በክር ታስሯል፤ የገባ የወጣው ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። «ዕጣውስ መቼ ነው የሚወጣው?» «ገና ነው።» የሎተሪ ፈቃድ እንዳለው ስጠይቀው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ቢያንስ የእናቴን ስም ሰርዝልኝ አልኩት። እሺ ብሎ በቀጭኑ አንድ መስመር አሰመረበት። «እንዲህማ ይነበባል» ስለው ሳቀና ገጹን እንዳለ ቀድዶ ሰጠኝ።

አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከእማዬ ሌላ የማላውቃቸው ሠላሳ ሦስት ሰዎች ስም፣ ስልክና ሰፈር ይዣለሁ።